ኬጂ ውስጥ ያለችው «ጂ» የት ሄደች?

አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ «ኬጂ» የሚል ሰሌዳ አለ። ፊደላቱ «ኪንደርጋርተን» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጡ ናቸው፤ ትርጉሙ የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙን በ1840 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ለማሳመሪያ ብሎ አይደለም የተጠቀመበት። በእሱ አሠራር እያንዳንዱ ልጅ ራሱ የሚዘራባትና የሚንከባከባት ትንሽ መደብ ነበረችው። «ጂ» እንግዲህ አትክልት ቦታዋ ናት።

እኛ ጋ ግን ብዙ ኬጂዎች የተከፈቱት በኪራይ ቤት ነው፣ ግቢውም ሲሚንቶ ነው። ልጁ ከኮንዶሚኒየም ወጥቶ፣ በሰርቪስ ሄዶ፣ ሲሚንቶ ላይ ውሎ ይመለሳል። ወላጅም ቢሆን ደብተሩ በኤ ቢ ሲ ተሞልቶ ካልመጣ ቅር ይለዋል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል «ባቄላ አየን» የሚል ልጅ ያን ሁሉ ብር ለከፈለ ሰው ብዙም ደስ አይልም። እኛ ግን ያ ልጅ በደንብ ተምሯል ባይ ነን። እስቲ ያየውን እንይለት።

አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ሶፍት፣ ውኃና ጥሬ ባቄላ ይበቃል። ባቄላው አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል። ከዚያ የረጠበ ሶፍት ሃይላንዱ ውስጥ ዙሪያውን ይደረግና ባቄላው በሶፍቱና በፕላስቲኩ መሃል ይገባል፣ ከውጪ እንዲታይ። ሶፍቱ እንዳይደርቅ ነው እንጂ ውኃ መሙላት አያስፈልግም። ዘርም ይተነፍሳል እኮ! ውኃ ውስጥ ከተደፈቀ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ይሸታልም።

ባቄላው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነጭ ሥር ብቅ ይላል። ከቅጠሉ የሚቀድመው ሥሩ ነው። ሃይላንዱን ብታጋድሙት ሥሩ በቀናት ውስጥ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ያመራል። ግንዱ ደግሞ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል፤ ጥላ ያረፈበት ጎኑ ከሌላው ፈጠን ብሎ ስለሚረዝም ነው። አፈር ሳይኖር እንዴት አደገ? ሁለቱ ክኮች ስንቁ ስለሆኑ ነው። ቅጠል አውጥቶ በብርሃን የራሱን ምግብ መሥራት እስኪጀምር የሚበላው እነሱን ነው።

እዚህ ጋ ለሚሶቹ አንድ ነገር እናንሳ። ብዙ የትምህርት ሥዕሎች ላይ ሁለቱ ክኮች ከግንዱ ጋር ወደ ላይ ወጥተው ይታያሉ። ያ ቦሎቄ ነው። ባቄላ ክኮቹን እታች ትቶ ነው የሚወጣው፣ አተርና ሽምብራም እንደዚያው። ስለዚህ ልጁ ሥዕሉን አይቶ «የኔ ተበላሸ» ቢል አልተበላሸም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታበቅሉማ የሥዕሉንና የእውነቱን ልዩነት ራሱ ያገኘዋል።

እኛ በጣም የምንወደው ግን የቆሎውን ሙከራ ነው። በአንዱ ሃይላንድ ጥሬ ሽምብራ፣ በሌላው የተቆላ ሽምብራ፣ ውኃውም ቦታውም አንድ ዓይነት። ጥሬው ይበቅላል፣ ቆሎው ሻግቶ ይቀራል። ለምን? እሳቱ ውስጡ የነበረውን ሕይወት ገድሎታል። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ለአራት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ትንንሽ ልጆች ሕይወት አለው የሚሉት የሚንቀሳቀስ ነገርን ነው። በዚህ ሒሳብ ደመና ሕያው ነው፣ ዝም ብላ የተቀመጠች ደረቅ ሽምብራ ግን ጠጠር ናት። ጠጠሯ ሥር ስታወጣ ያየ ልጅ ሐሳቡን መቀየር ይጀምራል።

አያት ያለበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሳያውቀው አይቶታል። ለጠላ የሚሆነው ብቅል የበቀለ ገብስ ነው፤ በጾም የምንበላው በቆልትም የበቀለ ባቄላ ነው። ቃሎቹ ራሳቸው «በቀለ» ከሚለው የወጡ ናቸው፣ ቡቃያም ጭምር። አንዲት እማማ ኬጂ ድረስ መጥተው ብቅል እንዴት እንደሚያበቅሉ ቢያሳዩ ወጪው የታክሲ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ባቄላ አይበቅልም። ልጁ እንዳያለቅስ ብሎ ማታ በበቀለ መተካት ያጓጓል፤ እኛ ግን አታድርጉት እንላለን። ይልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሦስት ፍሬ ስጡት፣ ያልበቀለውንም ከፍታችሁ አብራችሁ እዩት። ነቀዝ በልቶት ይሆናል፣ ውኃ በዝቶበት ይሆናል። በዚያው ቀን የልጁን ቁመት በክር ለክታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉለት። ባቄላው በሳምንት ልዩነቱ ይታያል፣ የልጁ ግን ወራት ይፈልጋል። ዓመቱ ሲያልቅ ከክሩ ጎን ይቁም።

ስትሞክሩት ሁለት ጥንቃቄ አለ። ከእርሻ መድኃኒት ሱቅ የሚገዛ ቀለም የተቀባ ዘር መርዝ ስላለበት ሕፃናት እጅ አይግባ፤ ከእህል ገበያ የተገዛው ይበቃል። ሌላው፣ ፍሬውን ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁም ተቀበሉ። ትንንሽ ልጆች ሽምብራና ባቄላ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከታሉ፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያብጣል። ከገባ በወረፌ ወይም በክብሪት እንጨት ለማውጣት አትታገሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።