በውርጭ ወራት የሚወለዱ ግልገሎች አያያዝ

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚዘልቀው ደጋ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርበት ሌሊት ይበዛል፤ ማለዳም መስኩ ውርጭ ለብሶ ይታያል። በዚህ ወቅት የተወለደ ግልገል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲሞት አርቢው «ብርድ መታው» ይላል። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። እንዲህ የሞቱትን ከፍተን ስንመለከት ደጋግመን ያየነው ባዶ ጨጓራ ነው። ግልገሉን ብርድ የሚገድለው ሳይጠባ ሲያገኘው ነው።

የመንዝ ግልገል ሲወለድ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ትንሽ ገላ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወጣው የሙቀት ስንቅ ለ5 ሰዓት ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አያቆየውም። ከዚያ ወዲያ ማገዶው እንገር ብቻ ነው።

ስለሆነም በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ነገሮች መፈጸም አለባቸው፤ ይኸውም ማድረቅና ማጥባት ነው። እናቲቱ ትላሰው፤ እስዋ ካልቻለች በደረቅ ጆንያ ወይም በጭድ ገላውን ማሸት ነው። የጡቷን ጫፍ የደፈነው ሰም መሳይ ነገር እንዲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለብ ይገባል። ባለ 2 ኪሎ ግልገል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ እንገር ይበቃዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ 4 ጊዜ ማግኘት አለበት። በሽታ የሚከላከልለትን ነገር አንጀቱ በሚገባ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ አይቀበልም። እናቲቱ ከሞተች በዚያው ቀን ከወለደች ሌላ በግ ወይም ፍየል እንገር መለመን ነው። መንታ ሲወለድ ሁለተኛው እንደሚረሳ አይዘነጋ።

የግልገሉን ሁኔታ ለማወቅ ጣትን አፉ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። አፉ ከቀዘቀዘ አደጋ አለ። ቴርሞሜትር ያለው የልማት ሠራተኛ በፊንጢጣ ይለካ፤ ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ጤነኛ ነው፣ ከ37 በታች ግን ሞት ቀርቧል።

እዚህ ላይ እኛም የተሳሳትንበት ነገር አለ። ሌሊቱን ሳይጠባ ያደረ ደንዛዛ ግልገል አግኝተን ምድጃ ዳር አስተኛነው። ገላው ሲሞቅ ተንፈራግጦ ሞተ። ከተወለደ 5 ሰዓት ያለፈውና ከ37 ዲግሪ በታች የወረደ ግልገል በደሙ ውስጥ ስኳር አልቆበታል፤ ስኳር ሳያገኝ ማሞቅ ይገድለዋል። እንዲህ ያለው በቅድሚያ በእንስሳት ጤና ባለሙያ እጅ የግሉኮስ መርፌ ይወጋል፤ የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያው እስኪደርስ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከነፋስ ይከለል። መዋጥ በማይችል ግልገል አፍ ወተት ማንቆርቆር ክልክል ነው፤ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። አንገቱን አቅንቶ መጥባት የሚችለውን ግን ለብ ያለ እንገር ሰጥቶ ማሞቅ ይቻላል።

በጋራ የሚያረቡ ማኅበራት በወሊድ ወራት ፋኖስ ይዞ ሌሊት ጋጣ የሚያይ ተረኛ ይመድቡ። በየቤቱ ግን ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ስለሆኑ ምክሩን ለአባወራው ብቻ ነግሮ መመለስ ዋጋ የለውም። ጋጣው ደረቅ የገብስ ጭድ በወፍራሙ ይነጠፍበት፤ ነፋስ ከታች አይግባ፤ ከላይ ግን መተንፈሻ ይኑረው። የግልገሉ እትብት በአዮዲን ይነከር።

እናቲቱ በመጨረሻው የእርግዝና ወር ተኩል ከተራበች እንገሯ ያንሳል፤ ያለውን የተሻለ ድርቆሽ ለእስዋ ማስቀረት ነው። ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ የወሊዱን ጊዜ ማዛወር ነው። በግ የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ስለሆነ ሰኔ 15 የተጠቃች በግ ህዳር 10 ግድም ትወልዳለች። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አውራውን ለይቶ ማሰር ወይም በልባስ ሆዱን መጋረድ ከውርጩ ወራት ያሳልፋል። አውራ በጎች ከመንደሩ መንጋ ጋር ተቀላቅለው በሚሰማሩበት ቦታ ግን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያስር ስለማይጠቅመው፣ ቀኑን የመንደሩ ሰዎች ከግንቦት መጨረሻ በፊት ተሰብስበው ይወስኑ።