ስሟ «አቢሲኒያን»፣ እምነቷ ባፕቲስት፦ የሃርለሟ ቤተክርስቲያን ነገር

ኒውዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር፣ 138ኛ ጎዳና ላይ በድንጋይ የተሰራች ትልቅ ቤተክርስቲያን አለች። ስሟ «አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ሐበሻ ቆም ብሎ ስሙን ደግሞ ማንበቡ፣ ፎቶም ማንሳቱ አይቀርም። «አቢሲኒያ እኮ የእኛው ስም ነው! ባፕቲስት የሚለው ታዲያ ከየት መጣ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ውስጧ ታቦት የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ ከበላይዋ የሚያዝ ጳጳስም የለም። ስሟ ግን የእኛው ነው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ስንመልስ፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ምንነቱን በቅጡ የማናውቀውን የባፕቲስት እምነትም አብረን እናውቀዋለን። (በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምህረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1808 ምን ሆነ?

በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ ባርነት ገና በሕግ አልተከለከለም። ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 ነው። ነጻ የወጡ ጥቁሮችም ቢሆኑ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ከነጮች ተለይተው፣ ለእነሱ በተመደበ ቦታ ነበር የሚቀመጡት። አንድ አምላክ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሰባኪ፤ ወንበሩ ግን ሁለት።

በዚያ ዓመት ጥቁር ምዕመናን «ይሄንን አንቀበልም» ብለው ከኒውዮርኩ ፈርስት ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ወጡ። ቤተክርስቲያኗ ራሷ እንደምትተርከው ከወጡት መካከል በመርከብ ወደ ከተማዋ የመጡ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩበት፤ «አቢሲኒያን» የሚለው ስምም ለኢትዮጵያ ክብር የተሰጠ ነው። እኛ አገር ጊዜው ዘመነ መሳፍንት መሆኑን ልብ በሉ።

በቦስተን የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተክርስቲያን መሪ የነበረው ቶማስ ፖል የተባለ ጥቁር ሰባኪ መጥቶ አግዟቸው፣ የራሳቸውን ቤተክርስቲያን አቋቋሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ለይታ ያስቀመጠቻቸውም ባፕቲስት ነበረች፣ እነሱ ያቋቋሟትም ባፕቲስት ናት። እምነታቸውን አልቀየሩም። የቀየሩት ቤቱን ነው።

ማን ፈቀደላቸው?

መልሱ «ማንም» ነው። የባፕቲስትን ነገር ለመረዳት ቁልፉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በኦርቶዶክስም ሆነ በካቶሊክ ሥርዓት አዲስ ቤተክርስቲያን ለመትከል የጳጳስ ፈቃድና ቡራኬ ያስፈልጋል። በባፕቲስት አስተሳሰብ ግን አምነው የተጠመቁ ሰዎች በአንድነት ቃል ኪዳን ገብተው ከተሰባሰቡ ያቺ ስብስብ ሙሉ ቤተክርስቲያን ናት። ከበላይዋ ሌላ ምድራዊ አለቃ የላትም። መሪዋን የምትመርጠው፣ አባል የምትቀበለውና የምታሰናብተው፣ ገንዘቧንም የምታዘው አጥቢያዋ ራሷ ናት።

1808 ላይ እነዚያ ሰዎች ጳጳስ ደጅ መጥናት ቢኖርባቸው ኖሮ ጳጳሱ ነጭ መሆኑ የማይቀር ነበር። ባፕቲስት መሆናቸው በር ከፈተላቸው።

ይሄ አስተሳሰብ ከየት መጣ?

ነገሩ የጀመረው አምስተርዳም ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ቤተክርስቲያን ተጽዕኖ ምክንያት አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ጥቂት እንግሊዛውያን ነበሩ። መሪያቸው ጆን ስሚዝ በ1609 አንድ ደፋር ድምዳሜ ላይ ደረሰ፦ ሕፃን ልጅ ማመን ስለማይችል የሕፃንነት ጥምቀት ጥምቀት አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ ራሱን በራሱ አጠመቀ፤ ከዚያም ሌሎቹን። በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ይሄ ትልቅ ቅሌት ነበር።

ከመካከላቸው ቶማስ ሄልዊስ የተባለው የተወሰኑትን ይዞ ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1612 መጽሐፍ አሳትሞ ለንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ የላከው መልዕክት፣ ንጉሥም ሟች ሰው እንጂ አምላክ ስላልሆነ በሰዎች ነፍስ ላይ ስልጣን የለውም የሚል ነበር። ይሄንን ነጻነት ለራሱ ወገኖች ብቻ አልጠየቀም፤ ለአይሁድም፣ ለሙስሊሙም፣ መናፍቅ ለተባለውም ጭምር እንጂ። ለዚህ ድፍረቱ የተከፈለው ኒውጌት እስር ቤት ነው። ከዚያም በሕይወት እንዳልወጣ ይታመናል።

እንግዲህ ጥምቀቱና ነጻነቱ የተያያዙ ናቸው። እምነት በራስ ውሳኔ የሚሆን ከሆነ፣ በወላጅ ውሳኔ መጠመቅም፣ በንጉሥ ትዕዛዝ ማመንም ትርጉም የለውም ማለት ነው። ባፕቲስት የሚለው ስምም «አጥማቂ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። መጀመሪያ ተቃዋሚዎቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበር፣ ቀረባቸውና ጸና።

ከእኛ አገር ጋር ብናነጻጽረው

ኦርቶዶክስ ወንድ ልጅን በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅን በ80 ቀኗ ታጠምቃለች። ባፕቲስት ጋ ሕፃን ሲወለድ ይጸለይለታል፣ ይመረቃል፤ አይጠመቅም። አድጎ «አምኛለሁ» ብሎ በጉባኤው ፊት ሲመሰክር ነው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሙሉ አካሉ ጠልቆ የሚጠመቀው።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ሁሉንም «ጴንጤ» ብለን አንድ ላይ ብንጠራቸውም በዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ስለሆነች ሕፃናትን ታጠምቃለች። ቃለ ሕይወት ግን እንደ ባፕቲስቶቹ አምኖ ለሚመጣ ሰው ነው ጥምቀት የምትሰጠው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው «ዲያቆን» የሚለው ቃል ነው። እኛ ጋ ዲያቆን ሲባል የሚቀድሰው ወጣት ነው ትዝ የሚለን። ባፕቲስት ጋ ግን ዲያቆናት ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የበሰሉ፣ የራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ በአባላት የተመረጡ አገልጋዮች ናቸው። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተቸገረ ይረዳሉ፣ በጌታ እራት ጊዜ እንጀራውንና ጽዋውን ያድላሉ።

ፓስተሩስ? እሱም የሚመጣው በአባላት ድምጽ ነው። ኮሚቴ ይፈልጋል፣ እጩው መጥቶ ይሰብካል፣ ከዚያ ጉባኤው ድምጽ ይሰጣል። ደመወዙም ከአባላት አስራትና መባ ነው።

ይሄ የደመወዝ ነገር ቀላል አይደለም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1954 የ25 ዓመት ወጣት ሳሉ ሞንትጎመሪ የምትገኘው ዴክስተር አቬኑ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን በፓስተርነት ጠራቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት የአውቶቡስ አድማው ተጀመረ፤ 381 ቀን ቆየ። በዚያን ጊዜ በነጭ አሠሪ ሥር የሚሠራ ጥቁር መምህር ወይም ሠራተኛ አድማ ቢመራ በማግስቱ ከሥራው ይባረር ነበር። ፓስተሩን ግን የቀጠሩት ጥቁር ምዕመናን ናቸው፤ ሊያባርሩት የሚችሉትም እነሱ ብቻ። የጥቁሮች የመብት ትግል መሪዎች ብዙዎቹ ፓስተሮች የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሌላኛው ገጽታ

እስካሁን ያልነው ደስ ይላል። ግን ያው ነጻነት ለሌላ ነገርም ውሏል።

በ1845 የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ባፕቲስቶች ከሰሜኖቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ኅብረት ጆርጂያ ውስጥ አቋቋሙ። የጸቡ ዋና ምክንያት ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ይላካል ወይስ አይላክም የሚል ነበር። «ይላካል» ያሉት ናቸው የወጡት። ይሄ ኅብረት ዛሬ በአሜሪካ ትልቁ የፕሮቴስታንት ድርጅት ነው። ስለ ባርነቱ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995፣ ከ150 ዓመት በኋላ ነው።

በቅርቡ ደግሞ በ2023 ሴት ፓስተሮች በመሾሟ ምክንያት የሪክ ዋረንን ሳድልባክ ቤተክርስቲያን ከኅብረቱ አስወጥቷል። ሳድልባክ ግን አልተዘጋችም። ኅብረቱ ከአባልነት ማስወጣት እንጂ ሕንጻዋን መውሰድ ወይም ፓስተሯን ማንሳት አይችልም። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። በዳይን ከላይ ሆኖ የሚያስቆም የለም፤ ተበዳዩም «አልፈልግም» ብሎ ሲወጣ የሚከለክለው የለም።

አቢሲኒያን ከዚያ በኋላ

የእኛዋ ስም የያዘችው ቤተክርስቲያን በ1923 አሁን ያለችበት የሃርለም ሕንጻ ገባች። ያን ጊዜ መሪዋ አዳም ክሌይተን ፓውል ነበሩ። በ1937 የተኳቸው ልጃቸው፣ ስማቸውም ያው አዳም ክሌይተን ፓውል፣ ከ1945 ጀምሮ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነው ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።

በ1935 ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ ሃርለም ውስጥ ለኢትዮጵያ የድጋፍ ስብሰባ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዷ ይህቺው ቤተክርስቲያን ናት። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚህች ቤተክርስቲያን ሄደው የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱ። መስቀሉ ዛሬ የቤተክርስቲያኗ መለያ ምልክት ነው። በ2007፣ እኛ ሚሊኒየማችንን ስናከብር፣ እሷም 200ኛ ዓመቷን ምክንያት በማድረግ ልዑካኗን ወደ ኢትዮጵያ ላከች።

የድምጹ ነገር እሷንም ፈትኗታል። ለ33 ዓመታት የመሯት ካልቪን በትስ በ2022 ሲያርፉ ተተኪ ፍለጋው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። አንዲት ሴት አመልካች «በሴትነቴ ተገለልኩ» ብላ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ቤተክርስቲያኗ ደግሞ ክሱን አስተባበለች። በመጨረሻ በ2024 አባላቱ ድምጽ ሰጥተው አዲስ ፓስተር መረጡ። ከዓለም ታዋቂ ከሆኑት የጥቁር ቤተክርስቲያናት አንዷ መሪዋን ያገኘችው እንዲህ፣ በክርክርና በድምጽ ቆጠራ ነው። ሁሉም በውጤቱ አልተደሰተም። ውሳኔው ግን የማንም ሳይሆን የራሳቸው ነው።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ባፕቲስት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለየእምነታችን አስተማሪዎች እንተወው። እኛ የተነሳነው ስሙን ለመረዳት ነው። እነዚያ የ1808 ሰዎች አብዛኞቹ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩአትም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ስሟን አንብበዋል፤ በመዝሙረ ዳዊት እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስትዘረጋ አይተዋታል። በአሜሪካ ለቆዳቸው ክብር የሚሰጥ ስም ሲያጡ፣ በቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈ፣ ጥቁር የሆነ፣ ክርስትናን ቀድሞ የተቀበለ አገር ስም መረጡ።

ስሙን የሰጣቸው የለም፣ ራሳቸው ወሰዱት። ቤተክርስቲያኑንም እንደዚያው።

ኒውዮርክ ያላችሁ ወይም የምትሄዱ፣ እሑድ ጠዋት በ138ኛው ጎዳና ካለፋችሁ ጎራ በሉ። መዝሙሩን ለመስማት ከየአገሩ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። ከገባችሁ በኋላ መስቀሉን ፈልጉት። አሠራሩን ስታዩ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።