አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ያልተከተቡ ሕፃናት ምን ይገጥማቸዋል?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በምሥራቅ ኮንጎ የተቀሰቀሰው ኢቦላ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ 2,287 ሰዎችን ገደለ። የዓለም ዓይንና ጆሮ ኢቦላው ወደ ተነሳበት ወደ ሰሜን ኪቩ ክፍለ አገር በዞረበት በዚያው ጊዜ፣ ከ2019 መግቢያ እስከ 2020 አጋማሽ፣ ኩፍኝ በዚያችው አገር ከ7,000 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ።

ኢቦላው በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ሲወሰን ኩፍኙ 26ቱንም ክፍላተ አገር አዳርሷል። ስለዚህ ለኩፍኙ ሁሉ ተጠያቂው ኢቦላ ነው አይባልም። መነሻው ቀድሞውንም ብዙ ሕፃናት ሳይከተቡ መቅረታቸው ነበር። ሆኖም የኮንጎ ታሪክ፣ አዲስ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር ወላጆችን ለሚያስጨንቀው ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው፦ መደበኛ ክትባቱን ያልወሰደ ልጅ አዲስ ቫይረስ ሲመጣ የበለጠ ይጎዳል?

በቀጥታ ከተጠየቀ መልሱ፦ ነባሮቹ ክትባቶች አዲሱን ቫይረስ ያቆማሉ ተብሎ አይታመንባቸውም። ክትባት ሰውነትን የሚያለማምደው አንድን የተለየ ተህዋስ እንዲያውቅ ነው። ኮቪድ በገባ ሰሞን ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ቢሲጂ ሊከላከል ይችላል የሚል ተስፋ ተነስቶ ነበር። በአምስት አገሮች ወደ 4,000 በሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት በ2023 ሲወጣ ግን ክትባቱ ከኮቪድ እንዳልጠበቃቸው ታወቀ።

ያልተከተበው ልጅ ትልቁ አደጋ የሚመጣው በሌላ በር ነው፤ በወረርሽኙ ሳቢያ መደበኛው ክትባት ተስተጓጉሎ ኩፍኝ ሲስፋፋ። አንድ የኢቦላ ሕመምተኛ በአማካይ ለሁለት ሰው ገደማ ያስተላልፋል። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ግን ማንም የመከላከል አቅም በሌለበት ቦታ ከ12 እስከ 18 ለሚደርስ ሰው ያስተላልፋል። ኩፍኝን ለመግታት ከመቶ ሕፃናት 95ቱ መከተብ አለባቸው። ሕፃናት በየቀኑ ስለሚወለዱ፣ አገልግሎቱ በተስተጓጎለ በየወሩ ያልተጠበቁት ቁጥር ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰው ሲገድል ተመራማሪዎች አንድ ስሌት ሠርተው ነበር፤ የ18 ወር መስተጓጎል በኩፍኝ ብቻ ከ2,000 እስከ 16,000 ተጨማሪ ሞት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠነቀቁ።

መስተጓጎሉ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። የኩፍኝ ክትባት ብዙውን ጊዜ ለአሥር ልጅ በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣል። ደረቅ ዱቄት ነው፤ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። በወረርሽኝ ሰሞን ጤና ጣቢያው ጭር ብሎ አንዲት እናት ብቻ ስትመጣ ባለሙያዋ ትቸገራለች፤ ብልቃጡን ትክፈተው ወይስ እናቲቱን ለሌላ ቀን ትቅጠራት? የተቀጠረችው እናት ደግሞ ፈርታ ላትመለስ ትችላለች። የኩፍኝ የመጀመሪያ ምልክት ትኩሳት ነው፤ የኢቦላም እንዲሁ። በኮንጎ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው በኢቦላ ተጠርጥሮ እንዳይወሰድባቸው ወይም በሕክምና ተቋሙ ውስጥ በበሽታው እንዳይያዝ በመስጋት ከሕክምና ርቀዋል።

ኩፍኝ ሌላም ጉዳት አለው። በኔዘርላንድስ 77 ያልተከተቡ ሕፃናት ከመታመማቸው በፊትና በኋላ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። በ2019 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ኩፍኙ ቀደም ሲል ካካበቷቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከመቶ 11 እስከ 73 የሚሆነውን አጥፍቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ከኩፍኙ ቢተርፍ እንኳ ለሳንባ ምችና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች እንደገና ይጋለጣል።

ኮቪድ ደግሞ የክትባት መስተጓጎልን በዓለም ደረጃ አሳይቷል። በ2021 ወደ 25 ሚሊዮን ሕፃናት መደበኛ ክትባታቸውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሳይወስዱ ቀሩ። የለንደን ተመራማሪዎች በአፍሪካ ላይ በሠሩት ስሌት፣ ክትባቱ ቢቀጥል ወደ ጤና ጣቢያ በመሄድ በሚያዝ ኮቪድ ለሚከሰት ለእያንዳንዱ አንድ ሞት 84 ሕፃናት ከሞት ይተርፋሉ። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ የነበረውን የኩፍኝ ዘመቻ በጭምብልና ርቀትን በመጠበቅ አካሂዳ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ከተበች። ከባድ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

አዲስ ቫይረስ ነገም ይመጣል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተረጋግጧል፤ ለማርበርግ ፈቃድ ያገኘ ክትባት አልነበረም። ለኩፍኝ ግን በዘጠኝ ወርና በ15 ወር በነፃ የሚሰጥ ክትባት በየጤና ጣቢያው አለ። ወላጆች በወረርሽኝ ወቅት ክትባቱ የት እንደሚሰጥ ይጠይቁ እንጂ ቀጠሮውን አይዝለሉ። ቀኑ ያለፈበት ልጅም ዘግይቶም ቢሆን መከተብ ስለሚችል ካርዱን ይዘው ይውሰዱት።