ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ለሚደረግ የቤተሰብ ጉብኝት ከትኬት በፊት የሚቀድሙ ጉዳዮች

ለረጅም ዓመታት በውጭ አገር ኖሮ ልጆቹንና የትዳር ጓደኛውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት የሚያቅድ ሰው፣ ዝግጅቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ትኬት ነው። ይሁንና የጉብኝቱ መሳካት የሚወሰነው ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት በሚከናወኑ ሥራዎች ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በቀበሌ፣ በወረዳና በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች በሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች እጅ የሚያልፉ ናቸው።

በደቡብ ጎንደር ዞን ከአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ጣራ ገዳም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በደርግ ዘመን ከቀድሞው የጎንደር ክፍለ ሀገር በርካታ ወጣቶች በመተማና በሁመራ አቅጣጫ ወደ ሱዳን ተሰደው፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ አገሮች መሻገራቸው ይታወቃል። ከመካከላቸው የጣራ ገዳም አካባቢ ተወላጅ የሆነ ሰው እንዳለ ቢታሰብ፣ በንጉሡ ዘመን የተወለደበት ሥፍራ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት በሊቦ አውራጃ የሚገኝ ነበር። አገሩን ለቆ ሲወጣ ሥፍራው የጎንደር ክፍለ ሀገር አካል ነበር። ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ይገኛል። ሥፍራው አንድ ሆኖ ሳለ በሰነዶች ላይ የሚነበበው አድራሻ ሦስት ነው። ይህን የአስተዳደር ታሪክ የማያውቅ ሠራተኛ በቀረቡለት ሰነዶች መካከል ልዩነት አለ ብሎ ባለጉዳዩን ሊመልስ ይችላል።

በአዲስ አበባም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በደርግ ዘመን ከተማዋን የሚያውቅ ሰው የወንድሙን ወይም የእህቱን ቤት የሚያስታውሰው በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር ነው። ከተማዋ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች የተዋቀረች ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር የክፍለ ከተሞቹ ቁጥር 11 ደርሷል። የቀበሌ መዋቅርም በኋላ በወረዳ ተተክቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ በነባር ሠፈሮች የነበሩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። በመሆኑም ጎብኚው የቀድሞውን አድራሻ ይዞ ዘመዱን ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት የአሁኑን የክፍለ ከተማና የወረዳ አድራሻ ከቤተሰቡ ማጣራት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የስም አጻጻፍ ነው። በኢትዮጵያ አንድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ፣ በብዙ የውጭ አገሮች ግን የቤተሰብ ስም ይጠየቃል። ስደተኛው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ካስመዘገበና ልጁም ይህንኑ ስም ከወረሰ፣ በልጁ ፓስፖርት ላይ የሚነበበው የአባቱ ስም ሳይሆን የቅድመ አያቱ ስም ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በእያንዳንዱ ሰነድ የተለያየ መልክ ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም የአባትና የልጅ ዝምድና የሚረጋገጠው የስሞቹን ተመሳሳይነት ብቻ በማየት ሳይሆን፣ የልደት የምስክር ወረቀትና ሌሎች ማስረጃዎችን አንድ ላይ በማገናዘብ መሆን አለበት።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1955 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ታኅሣሥ 21 ቀን 1962 ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን 1963 ይሆናል። በመጀመሪያው ልዩነቱ 7፣ በሁለተኛው 8 ዓመት ነው። ለሁሉም ወራት 8 ዓመት የሚደምር ሠራተኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በተወለዱ ሰዎች ዕድሜ ላይ የአንድ ዓመት ስሕተት ይፈጥራል። በአገራችን ዘመናዊው የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ቀደም ብለው በገጠር የተወለዱ ብዙ ሰዎች በጊዜው የተሰጠ የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ስለሆነም የውጭ ፓስፖርት የያዘው የጣራ ገዳም ተወላጅ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የተወላጅነት መታወቂያ ይዘው ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲኖሩና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቅዷል። የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይሰጣቸውም። በአዋጁ ትርጉም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ እንደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሚቆጠር፣ በውጭ የተወለዱ ልጆችም በዚሁ ይካተታሉ። ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ የሌላት ሚስት ወይም ባል ግን በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለማይገቡ፣ የመግቢያ ቪዛቸው አስቀድሞ ለብቻው ሊታይ ይገባል።

ከሰነድ ጉዳይ ባሻገር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የመርዶ ጉዳይ ነው። በረጅም ዓመታት ውስጥ እናት፣ አባት ወይም ወንድም እህት ማረፋቸው አይቀርም። በአካባቢው ባህል መርዶ የሚነገረው ለሐዘንተኛው ቅርብ በሆኑ ሽማግሌዎችና ዘመዶች፣ በማለዳ፣ የሚያጽናና ወገን በተሰበሰበበት ነው። ሩቅ አገር ላለ ሰው ብቻውን ሳለ በስልክ መንገር ስለሚከብድ፣ ቤተሰቡ እስኪመጣ ድረስ ደብቆ የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ባለጉዳዩ የወላጆቹን ስም ጠቅሶ ማስረጃ ሲጠይቅ፣ መዝገብ ገልጦ ሞታቸውን በመስኮት በኩል የሚናገር ሠራተኛ ሳያውቀው አርጂ ይሆናል። በመሆኑም ሠራተኛው ከባለጉዳዩ ጋር ዘመድ መኖሩን ጠይቆ በቅድሚያ ከዘመዱ ጋር ቢነጋገር፣ አገልግሎቱን ሳያጓትት ሰውን ከድንገተኛ ሐዘን ሊጠብቅ ይችላል። ተጓዡም በበኩሉ ከመነሳቱ በፊት በሕይወት ያለውንና የሌለውን የሚያስረዳው አንድ ታማኝ ዘመድ ቢመርጥ፣ ሌላው ቤተሰብም ለቅሶ የሚደረስበትን ቀን በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲያካትት ይረዳዋል።

ጉዞው ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ትውልድ ሥፍራው የሚዘልቅ ከሆነ ወቅቱና መንገዱ መታየት አለባቸው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያቀናው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ስለሚያጥለቀልቁ፣ ለጉብኝት የሚሻለው የሩዝ አዝመራ ከሚሰበሰብበት ከኅዳር ወር ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት የመንገድ ጉዞ በተለያዩ ጊዜያት ሲስተጓጎል ቆይቷል። በመሆኑም የጉዞውን ሁኔታ ከመነሳት በፊት ከአካባቢው ማጣራት፣ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነም አቅም ያላቸውን ዘመዶች አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት አማራጭ ዕቅድ መያዝ ተገቢ ነው።

የጤና ጉዳይም መዘንጋት የለበትም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው የአዲስ አበባ መሐል ወባ ባይኖርም፣ የፎገራ ሜዳ ግን ወባማ ነው። በልጅነቱ ወባን የለመደ ሰው ለረጅም ዓመታት ርቆ ከቆየ የነበረውን የመቋቋም አቅም ያጣል፤ ልጆቹም ከቶውንም አልነበራቸውም። ስለሆነም መላው ቤተሰብ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርና በሐኪም ትእዛዝ የመከላከያ መድኃኒት መውሰድ ይኖርበታል።

ስለዚህ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ዘመድን፣ ቀጥሎ ሰነድን፣ ከዚያም ወቅቱንና መንገዱን አጣርቶ በመጨረሻ ትኬት መቁረጥ ነው። ለዓመታት የተጠበቀ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስትና ከአራት ሳምንት የዓመት ፈቃድ አይበልጥም። በአንድ የስም ወይም የቀን ስሕተት ምክንያት በቢሮ ደጃፍ የሚያልፍ ሳምንት፣ አንዲት አሮጊት እናት ከልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር ልታሳልፈው ከምትችለው ጊዜ ላይ የሚቀነስ መሆኑን አገልግሎት ሰጪው ሊገነዘበው ይገባል።