ስለ ጭራቆች ያለ ዕውቀት (የሚና ጨዋታ)

ስለ ጭራቆች ያለ ዕውቀት በሚና ጨዋታዎች (ሮል ፕሌዪንግ ጌም) ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ስለሚገጥመው ጭራቅ ምን ያህል ሊያውቅ እንደሚችል የሚወስን የጨዋታ ሕግና ልማድ ነው። ጥያቄው የሚነሣው በጨዋታው ውስጥ ሁለት ዐዋቂዎች ስላሉ ነው፦ አንደኛው ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ተጫዋች፣ ሁለተኛው ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ጀብደኛ። ተጫዋቹ መጽሐፍ አንብቦ የጭራቁን ደካማ ጎን ያውቅ ይሆናል፤ ጀብደኛው ግን ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ መጣጥፍ በተለይ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ) የተባለውን ጨዋታ ይመለከታል።

መነሻ

ዲ ኤንድ ዲን የፈጠሩት አሜሪካውያኑ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲሆኑ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታ መሪ (ዳንጀን ማስተር) ሆኖ ዓለሙንና ጭራቆቹን ይይዛል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀብደኛ ይይዛሉ። ውጤቱ የሚያጠራጥር ድርጊት በዳይስ ይወሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ጋይጋክስ የጻፈው «መንስተር ማኑዋል» ወጣ። መጽሐፉ ከ350 በላይ ጭራቆችን ከጥንካሬያቸው፣ ከልማዳቸውና ከደካማ ጎናቸው ጋር ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ለጨዋታ መሪው የሚያገለግል ቢሆንም መጽሐፉን ማንም ገዝቶ ሊያነበው ይችል ነበር፤ ችግሩም የተባባሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ጭራቆቹ የተወሰዱት ከብዙ ቦታ ነው። ሜዱሳ ከግሪክ አፈ ታሪክ የመጣች ስለሆነች፣ ታሪኩን የሰማ ተጫዋች ጨዋታውን ባያውቅም ዓይኗን ማየት እንደሌለበት ያውቃል። ካቶብሌፓስ የተባለው በዕይታው የሚገድል አውሬ ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በ«ኢትዮጵያ» ምድር አለ ብሎ የጻፈለት ነው፤ ቃሉ በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ያመለክት ነበር። ብረትን ወደ ዝገት የሚለውጠው ረስት መንስተር ደግሞ መልኩ የተቀዳው ከርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ ስለዚህ ከጨዋታው ውጭ ስለ እሱ የሚነገር ታሪክ የለም።

የትሮሉ ምሳሌ

ለጉዳዩ በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ ትሮል ነው። የዲ ኤንድ ዲ ትሮል ቁስሉ በየዙሩ ይሽራል፤ ይህን የሚያስቆሙት እሳትና አሲድ ብቻ ናቸው። ይህ ጠባይ የተወሰደው ከጸሐፊው ፖል አንደርሰን ልብ ወለድ ነው።

ጨዋታውን አዲስ የጀመሩ ሰዎች ትሮልን በሰይፍ ቆራርጠው ከጣሉት በኋላ ተመልሶ ሲነሣ ይደነግጣሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይሞክራሉ፤ በመጨረሻ አንዱ ችቦ ሲያስጠጋ ምስጢሩ ይገለጣል። ይህ ደስታ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነባር ተጫዋች ትሮሉን እንዳየ ችቦውን ያነሣል። ጀብደኛው የማያውቀውን ዕውቀት ተጫዋቹ ሲጠቀምበት ድርጊቱ ሜታጌሚንግ ይባላል።

ይሁን እንጂ «አላውቅም» ብሎ ማስመሰልም የራሱ ችግር አለው። ተጫዋቹ ስንት ዙር መጠበቅ አለበት? የጓደኛው ጀብደኛ ሊሞት ሲል መልሱን እያወቀ ዝም ይበል? አንዳንድ ተጫዋቾች ሁለቱን ዕውቀቶች መለየት የጨዋታው ዋና ሥነ ሥርዓት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ብዙ ጀብደኞች ሞተውበት የተማረ ተጫዋች ትምህርቱን መጠቀም መብቱ ነው ብለው ይከራከራሉ።

የ1977ቱ መጽሐፍ የዐዋቂውን ተጫዋች ግምት የሚያስቱ ጭራቆችም አሉበት። ሚሚክ ሣጥን ወይም በር መስሎ ይቀመጣል። ጋስ ስፖር ደግሞ ቢሆልደር የተባለውን አስፈሪ ባለ ብዙ ዓይን ጭራቅ የሚመስል፣ በጋዝ የተሞላ ፈንገስ ነው። ቢሆልደር መስሎት ፈጥኖ የመታው ጀብደኛ በፍንዳታው ይጎዳል።

በየእትሙ የተደነገጉ ሕጎች

ጥያቄውን በዳይስ ለመፍታት ሰፊ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ሦስተኛው እትም ዘመን ነው። በ2003 በተሻሻለው እትም (3.5) መሠረት ጀብደኛው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ የዕውቀት ክህሎቱን ይደምርበታል። ማለፊያ ነጥቡ 10 ሲደመር የጭራቁ ሂት ዳይስ (የጥንካሬው መለኪያ) ነው። ማለፊያውን ያገኘ አንድ ጠቃሚ መረጃ ይነገረዋል፤ ከማለፊያው በላይ ለእያንዳንዱ 5 ነጥብ አንድ ተጨማሪ መረጃ ያገኛል። የሚያስፈልገው ክህሎት እንደ ጭራቁ ዓይነት ይለያያል፤ ለምሳሌ ከሞት ለተነሡ ፍጡራን የሃይማኖት ዕውቀት፣ ለእንስሳትና ለግዙፋን የተፈጥሮ ዕውቀት ያስፈልጋል።

ትሮል ከግዙፋን ወገን ሆኖ 6 ሂት ዳይስ ስላለው ማለፊያው 16 ነው። የተፈጥሮ ዕውቀቱ 5 የሆነ ጀብደኛ ከዳይሱ 11 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት አለበት፤ ይህም 50 በመቶ ዕድል ነው።

ቀመሩ አንድ ጉድለት አለው፦ ጥንካሬን ከዝና ጋር ያምታታል። ለቀይ ድራገን ጫጩት (7 ሂት ዳይስ) ማለፊያው 17 ሲሆን፣ አገር ሁሉ ለሚያውቀው እጅግ አንጋፋ ቀይ ድራገን (40 ሂት ዳይስ) ግን 50 ይሆናል። እሳት የሚተፋ ድራገን ከተማውን ሲያቃጥል ያየ ነዋሪ በሕጉ መሠረት ምንነቱን ሳያውቅ ሊቀር ነው።

አራተኛው እትም (2008) ነጥቦቹን በደረጃ ከፈለ፦ 15 ያገኘ የጭራቁን ስምና ዓይነት፣ 20 ያገኘ ኃይሎቹን፣ 25 ያገኘ ደካማ ጎኑን ያውቃል። አምስተኛው እትም (2014) ቋሚ ቀመሩን ትቶ ውሳኔውን ለጨዋታ መሪው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡት ሕጎች ደግሞ «ማጥናት» የሚባል ድርጊት አስገብተው የትኛው ክህሎት ለየትኛው የጭራቅ ዓይነት እንደሚያገለግል ዘረዘሩ።

በሌሎች ጨዋታዎች

የፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም (2019) ዳይሱን መሪው በምስጢር እንዲጥለው ያዛል። ውጤቱ እጅግ መጥፎ ከሆነ ተጫዋቹ የተሳሳተ መረጃ እንደ እውነት ይነገረዋል፤ ስለዚህ የሰማውን ሁሉ ማመን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ነገሩን ይገለብጠዋል። በዚህ ጨዋታ ስለ ጭራቆቹ ማወቅ ራሱ አደጋ ነው። ስለ እነሱ ያለው ዕውቀት ባደገ ቁጥር ገጸ ባሕርይው ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ የአእምሮ ጤንነት ነጥብ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የጨዋታ መሪዎች ዘዴ

ብዙ መሪዎች ዕውቀቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ማንም የሚያውቀው፣ የተማረ የሚያውቀው፣ እና ተፈልጎ ብቻ የሚገኝ። የመጀመሪያው ያለ ዳይስ ይነገራል። ሦስተኛው በአካባቢው በሚታይ ምልክት ይሰጣል፤ በሜዱሳ ዋሻ ደጃፍ የደነገጠ ፊት ያላቸው የድንጋይ ሐውልቶች መቆማቸው ለማንኛውም አስተዋይ መንገደኛ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የመንደር ወሬም ያገለግላል፤ ከፊሉ እውነት ከፊሉ ሐሰት ስለሚሆን ጀብደኞቹ መመርመር ይኖርባቸዋል።

ነባር ተጫዋቾች ባሉበት ጠረጴዛ ደግሞ መሪው የጭራቁን ደካማ ጎን ሊለውጥ ይችላል። ይህ ሲደረግ ግን ምልክት አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል። እሳት የማይጎዳው ትሮል ያለ ምንም ፍንጭ ከቀረበ፣ ተጫዋቹ ያጣው የመጽሐፍ ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን በመሪው ላይ ያለውን እምነትም ነው።