የት ይቀበር?

ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊት ሰው ካረፈ፣ ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባ ይሰማል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የሟቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ የቀብሩን ሰዓትና ደብሩን ይለፍፋል። ዶማና አካፋ ያለው ጉድጓድ ሊቆፍር ይወርዳል፤ ሌላው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ ምጣድ ይጥዳሉ። አዛዥም ታዛዥም የለም፤ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ሟቹ «ጌታን የተቀበለ» ከሆነ ግን ከጥሩምባው በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ የት ይቀበር?

በጎጃም ደጋ በክርስትና እምነት ምክንያት ስለሚደርስ መገፋት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዱላና እስራት ነው። እኔ ግን የነገሩ ቋጠሮ ቀብር ነው እላለሁ። «ጴንጤ»ም «ጸረ ማርያም»ም የተባለ ሰው ስድቡን ይለምደዋል። እናቱን የሚያሳርፍበት ክንድ ተስንዝር መሬት ማጣትን ግን ማንም አይለምደውም።

ለምን እንዲህ እንደሚከር ለማወቅ አንገት ላይ ያለችውን ክር ማየት ይበቃል። ማተብ የጥምቀት ምልክት ብቻ አይደለችም፤ የቃል ዋስም ናት። «ማተብ አለኝ» ያለ ሰው ያለ ወረቀት ብር ይበደራል፤ እህል በአደራ ይቀበላል። ስለዚህ ማተቡን የፈታ ልጅ ለቤተሰቡ ሃይማኖት የለወጠ ብቻ አይመስልም፤ ከቃል የወጣ፣ ነገ የማይታመን ይመስላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደብረ ማርቆስ 62,497 ሰው ነበራት። ከመቶ 97ቱ ኦርቶዶክስ ሲሆን፣ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ አንድ ፈቀቅ ቢል ነው። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ከተማ አንድ ከመቶ መሆን ማለት ለቅሶ ቤት ገብተው ማን አጠገብ እንደሚቀመጡ ማሰብ ማለት ነው።

ጠቡ ግን ጴንጤ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። ሁለቱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ወገኖች፣ ቅባትና ተዋሕዶ፣ ክርክር የገጠሙት በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የቅባት መምህራን ዋና ምሽግ ደግሞ ጎጃም ነበረች። ዙፋኑ ወደ ቅባት ሲያደላ ይህን ያልተቀበሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አለቁ፤ ይህ በአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን ጎንደር ላይ ሆነ። ኋላ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲያቆሙ፣ ሌላ ወገን ከነበሩትና ከተረቱት የሦስት ልደት መምህራን መካከል ምላሳቸው የተቆረጠባቸው ነበሩ። ሁሉም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የቆረጠውም፣ የተቆረጠውም።

ከዚሁ አገር የወጣ አንድ መነኩሴ ደግሞ አለ፤ ጎጃም ውስጥ ስሙን የሚያነሣ ጥቂት ነው። አባ ገብረ ሚካኤል መርጡለ ማርያም አካባቢ፣ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። አንድ ዓይናቸውን በልጅነት አጡ። ቀለም አፍቃሪ ነበሩና ለመመንኮስ የገቡበት ገዳም የያዘውን ትምህርት ሲመረምሩ ከገዳም ገዳም ዞሩ። በ1833 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄደው፣ ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ሮምንም አዩ። በ1836 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ። ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ አሳሰሯቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ አንድ ሃይማኖት ለአንድ መንግሥት ብለው ተነሥተው ነበርና አልራሯቸውም። ሞት ተፈርዶባቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ሲማልዱ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ሰንሰለት ተለወጠ። ሽማግሌው መነኩሴ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ከሠራዊቱ ጋር ሲዘምቱ በ1847 ዓ.ም. መንገድ ላይ አረፉ። የቀበሯቸው ጠባቂዎቻቸው ናቸው። ሮም በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው፤ መቃብራቸው ግን ጠፍቶ ቀረ።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በ1936 ዓ.ም. ነው። ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፈላት። ኦርቶዶክሱ በበዛበት፣ እንደ ጎጃም ባለ ዝግ አገር፣ ሚሲዮን ማከምና ማስተማር እንጂ መስበክ አይፈቀድለትም ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ሆነች። አዲስ አበባ ላይ እንኳ የሙሉ ወንጌል አማኞች ሕጋዊ ዕውቅና ተነፍገው በ1964 ዓ.ም. 250 ያህሉ ታስረዋል።

ደርግ ሲመጣ ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ሁሉም ተገፊ ሆነ። የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገደሉ። በዚያው ክረምት የፕሮቴስታንቷ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ። አንዱ የቅዳሴ፣ ሌላው የመዝሙር ሰው፤ የሁለቱም አጽም ተገኝቶ በወግ እስኪቀበር 13 ዓመት ቆየ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ አንቀጽ 27 እምነትን ነጻ አደረገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1208 ደግሞ የወንጌል አማኞች ካውንስልን በሕግ አቆመ። ወረቀቱ ሞልቷል። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ግን ወረቀቱ ዝም ይላል።

የቤተ ክርስቲያኗን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። የደብር ቅጥር ተራ መካነ መቃብር አይደለም፤ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ተዝካር ያለበት ነው። ነፍስ አባት የሌለው፣ ሥርዓቷን በሕይወቱ የተወ ሰው ሲሞት ለምን ይመለሳል? ይህን የሚጠይቅ ካህን ጨካኝ አይደለም። ሌላ ቁስልም አለ፤ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጅጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ካህናትም ሲገደሉ ጎጃም ሰምቷል። ሌላ ቦታ ተገፋሁ የሚል፣ በሰፈሩ የበዛው እሱ ሲሆን ዓይኑ ይጋረዳል። ሞጣ ላይ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶች የተቃጠሉትም በዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ደብሩ በር መውሰድ አድራሻ መሳት ይመስለኛል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካልን፣ የሬሳ ማሳረፊያ መስጠት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ቄሱ «የኔ አይደለም» ቢል መብቱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን እንዲህ ሊል አይችልም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሚያወጣቸው የሃይማኖት ነጻነት ሪፖርቶችም ፕሮቴስታንቶች ለጸሎት ቤትና ለመቃብር መሬት እኩል አናገኝም የሚሉት ቅሬታ ተደጋግሞ ይነበባል። ገጠር ደግሞ ይብሳል። በቀበሌው የቀረው የወል መሬት ግጦሽ ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይጠባል። ለአምስት አባወራ መቃብር ይቆረስ ሲባል ገበሬው የሚያየው ሃይማኖቱን ብቻ አይደለም፤ የበሬውን ሣርም ነው። ስለዚህ ሬሳው በመኪና ወደ ከተማ ይጫናል።

እድሩስ? ይህ እንደ ሰፈሩ ነው። ስም የሚሰርዝ አለ፤ ወርሃዊ መዋጮውን እየተቀበለ ቀብር ላይ የማይገኝም አለ። መሃል ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች በዝምታ የፈጠሩት መላ አለ፦ ድንኳኑና ወንበሩ ይላካል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሬሳውን ይሸኛል። መቃብሩ ጋ ሲደረስ ጋቢ የለበሱት ወንዶች ፈንጠር ብለው ይቆማሉ። መዝሙሩ እስኪያልቅ መሬት መሬት ያያሉ፤ አፈር መመለስ ሲጀመር ግን አንዱ ቀረብ ብሎ አካፋ ይቀበላል።