መሬት ጨው የሚሆነው እንዴት ነው?

መስኖ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ውሃ ማስገባቱ ብቻ ነው። ወንዝ ይጠለፋል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ ውሃው ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ በቃ። የገባው ውሃ በየት በኩል ይወጣል? ይህ ሳይታሰብበት ሲቀር ምን እንደሚደርስ ለማየት ከመካከለኛው አዋሽ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

በአሚባራ፣ መልካ ሰዲና መልካ ወረር አካባቢ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ቦታው ቀድሞ የአፋር ከብት አርቢዎች በበጋ የሚጠጉበት የግጦሽ መሬት ነበር። ያን ጊዜ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከ10 ሜትር በታች ጠልቆ ይገኝ ነበር። ጥጡ ከሚፈልገው በላይ ውሃ ሲለቀቅበትና በቂ ማፋሰሻ ሳይኖር ሲቀር ግን ትርፉ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገው። በ1970ዎቹ በብዙ ቦታ ወደ መሬቱ ገጽ ተጠጋ።

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሁሉ አፈሩም ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። በቆላው ፀሐይ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ጨዉ ግን የትም አይሄድም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው አለ እንበል፤ ምላስ እንኳ አይለየውም። 1 ሄክታር መሬት 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ባለው ውሃ ለማጠጣት 1 ሚሊዮን ሊትር ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው 5 ኩንታል ጨው ነው፤ ያውም በአንድ ማጠጣት!

ጨው የበዛበት አፈር ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ሥሩ መምጠጥ ያቅተዋል። ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ገበሬው ጠውልጎ ሲያየው ምን ያደርጋል? ተጠማ ብሎ ይጨምርለታል፤ ችግሩም ይብሳል። በአሚባራ ነጭ እየለበሰ ከምርት ውጭ የሆነ ማሳ ጥቂት አይደለም። ለጥጥም አልሆነ፣ ለከብቱም ሣር አልተመለሰ። በፕሮሶፒስ እሾህ የተወረረም አለ።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ጥልቅ ማፋሰሻ ቆፍሮ ጨዉን በውሃ አጥቦ ማስወጣት ነው። ወጪው ግን ከባድ ነው። የታጠበው ጨው ወደ አዋሽ ከተለቀቀ ደግሞ ታች ዱብቲና አሳይታ ያሉት ይቀበሉታል። ማፋሰሻው መታሰብ የነበረበት ከመጀመሪያው ቦይ ጋር ነበር።

እኛ እጩ መምህራን በየምንመደብበት ይህን ለማስተማር ሁለት ባዶ ጣሳ ይበቃናል። አንዱን ከሥሩ እንብሳው፣ ሌላውን እንተወው። ሁለቱም ውስጥ ቦሎቄ ዘርተን ጨው ጣል የተደረገበት ውሃ በብዛት እናጠጣና ፀሐይ ላይ እናስቀምጣቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጩ ይበልጥ የሚታየው በየትኛው ጣሳ አፈር ላይ እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይንገሩን።